ድሪቶ ለወንድ

በአማርኛ «ድሪቶ» የተባለ ልብስ ተመስግኖ አያውቅም። እራፊ በእራፊ ላይ ተለጥፎ ያጣ ሰው የሚደርበው ነው። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት የአልጋ ልብስ በአሠራሩ የድሪቶ ዘመድ ነው፦ ከላይ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከመሃል እንደ ባዘቶ የተነጠፈ ጥጥ፣ ከሥር ገበር። ከላይ እስከ ሥር የሚዘልቅ ስፌት ሦስቱን ያያይዛቸውና ጠርዙ ይቀመቀማል።

ሙያው በአመዛኙ የሴቶች ስለሆነ የጨርቅ መደብሩ በአበባ የተሞላ ነው። ለባሌ፣ ለአባቴ ወይም ለወንድሜ ልሥራለት ብላ ለምትመጣ ሴት የሚቀርብላት ደግሞ ዓሣ፣ ትራክተር ወይም ኳስ የታተመበት ጨርቅ ነው። ይህ የ6 ዓመት ልጅን ደስ ያሰኝ ይሆናል። 50 ዓመት የሞላው ሰው ትራክተር ለብሶ እንዲተኛ ግን ለምን ይፈረድበታል? የወንድ ጨርቅ የሚባል ነገር ካለ እሱ ራሱ ሲለብሰው የኖረው ነው፦ ጂንስ፣ ካኪ፣ ኮርድሮይ፣ የሱፍ ኮት፣ የፍላኔላ ሸሚዝ።

ይህን ከማንም አብልጠው ያወቁት የጂስ ቤንድ ሴቶች ናቸው። ጂስ ቤንድ አላባማ ውስጥ ያለች፣ የአላባማ ወንዝ በሦስት ጎን የዞራት መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በአመዛኙ እዚያው በነበረ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ ፔትዌይ በሚለው በባለርስቱ ስም ይጠራሉ። ድሮ የክረምቱ ብርድ በቤቱ ሳንቃ ስንጥቅ ይገባ ነበር፤ ጨርቅ መግዣ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ እርሻ ላይ ያለቀውን የሥራ ልብስ ፈትተው ይሰፉት ነበር። ጉልበቱ የነጣ ሱሪ ኪሱ ሲነቀል፣ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው ጥቁር ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቅ ይላል። ሴቶቹ ያንን ምልክት ቆርጠው አይጥሉትም ነበር፤ ከነጣው ጨርቅ ጋር እንደ ጌጥ ይገባ ነበር።

በ1942 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ናትኒየል ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ሰብስባ፣ በልጇ በአርሎንዚያ እየተረዳች አንድ ኩዊልት ሠራች። የሠራችው ባሏን ልታስታውስበትና ልትለብሰው ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የመንደሯ ሥራዎች በሂዩስተን ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ 10 ቴምብር አወጣላቸው። የሚዙሪ ኩዊልት ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ይገኛል።

ለወንድ ልብስ ቀላል ንድፍ የሚመረጠው በውበቱ ብቻ አይደለም፤ መርፌውም ያስገድዳል። ጂንስ ለኩዊልት ከሚሸጠው ስስ ጥጥ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። በኮከብ ንድፍ ላይ ስምንት ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ጨርቁ ጂንስ ከሆነ እዚያ ላይ ጠጠር የሚያህል ጉብታ ይነሣና መርፌ ይሰብራል። እንደ ጡብ ግንብ በተደረደረ ንድፍ ግን አንድ ነጥብ ላይ ከሦስት ቁራጭ በላይ አይገናኝም። ሁለተኛው ምርጫ የጂስ ቤንድ ሴቶች «የቤት ጣሪያ» የሚሉት ነው፦ መሃል ላይ አንድ ካሬ ተቀምጦ ዙሪያውን ረዣዥም ቁራጭ እየከበበው ይሰፋል፣ እስኪበቃ ድረስ። ልኩ ትንሽ ቢዛነፍም አያስከፋም።

በጡቡ እንሂድ። ሲያልቅ 15 በ30 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ በ14 ረድፍ ብንደረድር፣ 150 በ210 ሴንቲሜትር የሆነ ልብስ ይወጣል። ረዥም ሰውንም ከትከሻ እስከ እግር ያዳርሳል። ለስፌት በየጎኑ 1.25 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ በስስ ጥጥ የተለመደው ወደ 6 ሚሊሜትር የሚጠጋ ትርፍ ለጂንስ አይበቃም። ስለዚህ የሚቆረጠው 17.5 በ32.5 ነው። ከአንድ የሱሪ እግር አራት ያህል ይወጣል፤ በጠቅላላው ወደ 9 ሱሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሚለጠጥ ጂንስ አይግባበት፤ ስፌቱን ያጣምመዋል። አዲስ ጨርቅ ከተቀላቀለበት ብቻውን ታጥቦ ይኮማተር፣ ቀለሙንም ይልቀቅ። ኮርድሮይ ሲገጣጠም የጠጉሩ አቅጣጫ ይታይ፤ ሲገለበጥ ያው ቀለም ሌላ መስሎ ይታያል።

በጂንስ ላይ መሃሉን ጥጥ መሙላት ጋቢ ላይ ጋቢ መደረብ ነው። የፍላኔላ ገበር ብቻውን ይበቃል። ባለ 100 ቁጥር የጂንስ መርፌ ያዘጋጁ። የላዩን ጨርቅና ገበሩን ለማያያዝ በየ15 ሴንቲሜትሩ በጠንካራ ክር ቋጠሮ ማሰር ይቻላል፤ የድሮ ሰዎችም ሲቸኩሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ቀለሙን በተመለከተ እኔ የምቀናው አሚሽ በሚባሉት የፔንስልቬንያ ገበሬ ክርስቲያኖች ነው። አበባ የሚባል ሳያስገቡ፣ ጥቁር ቀይና ሐምራዊ ሱፍ በሰፋፊ ሰረዝ ጎን ለጎን ያኖሩ ነበር። ከሰማያዊው ጂንስ መሃል አንድ ሁለት ቁራጭ ጥቁር ቀይ ኮርድሮይ ጣል ቢደረግ ይበቃል።

የሚዙሪ ባል ልብስ ኩዊልት ሆነ፤ በእኛ ዘንድ ግን የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል። መልካም ልማድ ነው፤ ይስጡ። ነገር ግን ጠቅልለው ከማውጣትዎ በፊት አንድ ካኪ ሱሪና አንድ ሸሚዝ ያስቀሩ። ዘጠኝ ሱሪ የነበረው አባት ጥቂት ነው፤ የጎደለውን ከሰልባጅ ተራ ይሙሉት።