ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ክርስትና

እምነትን በዕለት ኑሮ መግለጥ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ አገር ቤት ሳለን በዚህ መልክ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም ነበር። የአገራችን ሰው ከእኛ ይልቅ ጻድቅ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሳምንቱና ወሩ ራሳቸው ይመልሱለት ስለ ነበረ እንጂ። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል። በየወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ዝክር አለ። የጽዋ ማኅበሩ ባለ ተራ ጠላውንና ዳቦውን አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ይጋብዛል፤ ለነዳያንም ይተርፋል። የተጣሉ ካሉ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል። የንስሐ አባትም የእያንዳንዱን ቤት ጉድለት ያውቁታል።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለ ሆንኩ ይህን የማየው እንደ አንድ የተሟላ አሠራር ነው። ጥሩ አሠራር የሚባለው በውስጡ ያለው ሰው ቢደክም ወይም ቢዘነጋ እንኳ ሥራው እንዳይቆም አድርጎ የሚይዘው ነው። የአገር ቤቱ ክርስትና ደካማውን ሰው እንዲህ ይደግፈው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ያ ድጋፍ በሌለበት በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤሪያ የምንኖር ክርስቲያኖች ምን እንደ ቀረን፣ የቀረንንስ እንዴት ልንይዘው እንደምንችል ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የተሠራውን ማመስገን ይገባል። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ በብዛት የመጣው ወገናችን ከምንም ተነሥቶ ብዙ አቁሟል። በኦክላንድ የመድኃኔ ዓለም ካቴድራል አለ፤ በሳን ሆዜም የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም አጥቢያዎች አሉ። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው የሠራነው እሑድን ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ ለ880 አውራ ጎዳና ትተንለታል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ለተመላለሰበት ሰው መንገር አያስፈልግም። አንዱ ማኅበርተኛ ኦክላንድ፣ ሌላው ሳን ሆዜ፣ ሦስተኛው የቤት ኪራይ አስመርሮት ትሬሲ ድረስ የሄደበት ማኅበር የአገር ቤቱን ያህል ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ጎረቤትና ማኅበር ይሸከሙት የነበረው ሁሉ በእያንዳንዱ ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል። ይህ በግልጽ የሚታይባቸውን ሦስት ነገሮች ላንሣ።

አንደኛው ጾም ነው። የተዋሕዶ ምእመን ዐቢይ ጾምን 55፣ ፍልሰታን 15፣ ነነዌን 3 ቀን ይጾማል፤ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብም ሲጨመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ቤይ ኤሪያ ግን ከሥጋና ከወተት መታቀብን እጅግ ቀላል አድርጎታል። የአጃ ወተቱ፣ የለውዝ አይቡ፣ ከአተር የተሠራው «ሥጋ» በየመደብሩ ሞልቷል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የጾሙ ምሳ ከፍስኩ ይወደዳል! ሕጉን ሳያፈርሱ ጾሙን ማጣት ተችሏል ማለት ነው።

የጥንት ክርስቲያኖች ጾምን የተረዱት በምግብ ዝርዝር ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው፣ አንትዋን ዳባዲ በ1860 የግእዙን ቅጂ ያሳተመው የሄርማ መጽሐፍ ስለ ጾም አንድ ቀላል ሒሳብ ያስተምራል። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ወላጅ ለሌለው ወይም ለችግረኛ ይስጥ ይላል። ይህ ሒሳብ በቁጥር ለምንተዳደር ሰዎች የሚከብድ አይደለም። አንድ ሰው በቀን 10 ዶላር ቢቆጥብ በሁዳዴ 550 ዶላር ይሆናል፤ መቶ ጿሚ ያለው አጥቢያ 55,000 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ተቀባዩም ሩቅ አይደለም። የሳን ሆዜ ከተማ በካዮቲ ክሪክ ዳር «ጀንግል» ይባል የነበረውን የድንኳን ሰፈር በዲሴምበር 2014 አፈረሰ። በኦክላንድ የውድ ስትሪት ሰፈር በ2023 እንዲነሣ ተደረገ። ሰፈሮቹ ፈረሱ እንጂ ችግረኛው አልጠፋም፤ ለቅዳሴ ስንሄድ በድልድዮቹ ሥር እናየዋለን። አማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። እዚህ ግን «ሆምለስ» ብለነው እናልፋለን። ስሙ ሲለወጥ ዝምድናውም አብሮ የተረሳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው በሥራ ቦታ እውነትን መናገር ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ብዙዎቻችን የምናያይዘው ከፍርድ ቤት ጋር ነው። የእኔ ዓይነት ሠራተኛ ግን በየሳምንቱ ይመሰክራል፤ የፈተና ውጤት ላይ በፈረመ ቁጥር ምስክር ነውና። ዕቃው የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ፣ አለቃ ሲቸኩል፣ የወደቀውን ፈተና «አልፏል» ለማለት የሚገፋፋ ብዙ ነው። በቅርባችን በፓሎ አልቶ የነበረውን ቴራኖስ የተባለ የደም ምርመራ ኩባንያ እንውሰድ። ኤሪካ ቸንግና ታይለር ሹልትዝ የተባሉ ሁለት ወጣት ሠራተኞች የምርመራው ውጤት የሚታመን አለመሆኑን ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ተናገሩ። የኩባንያው መሥራች ኤልዛቤት ሆምስ በጃንዋሪ 2022 እዚሁ ሳን ሆዜ በተሰየመ ፍርድ ቤት ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። ይህን ያነሣሁት ስለ ወጣቶቹ ሃይማኖት ለመናገር አይደለም። እውነት በቢሮ ውስጥ ዋጋ እንደምታስከፍል፣ ብትጠፋ ደግሞ የሚጎዳው ደሙን የሰጠው በሽተኛ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። የቪዛውና የቤት ዕዳው ፍርሃት ያለበት ስደተኛ ዝም ማለት ይቀለዋል። እንግዲህ እምነት ኃይል ካለው ኃይሉ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው እርቅ ነው። በቅዳሴያችን መካከል ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያዝዛል፤ ግራና ቀኝ ዞረን እጅ እንነሣሳለን። ጌታም በተራራው ስብከቱ፣ መባ ይዞ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ትዝ ቢለው መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። እኛስ? ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2018 ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በየከተማው ያሉ አጥቢያዎች የአገር ቤቱ፣ የስደቱ፣ ገለልተኛው እየተባባሉ ኖሩ። በጁላይ 2018 በዋሽንግተን እርቅ ወረደ፤ አቡነ መርቆሬዎስም በኦገስት አገራቸው ገቡ። ደስታችን ሳይበርድ በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ተነሣ። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ቤይ ኤሪያ ውስጥ ጥይት አልተተኮሰም፤ ሰላምታ ግን እዚህም ቆሟል። በ2021 ስልክ መደዋወል አቁመው እስከ ዛሬ ያልጀመሩ አበልጆች አውቃለሁ። እያንዳንዳቸው በየአጥቢያቸው ለአጠገባቸው ሰው እጅ ይነሣሉ፤ ልጃቸውን ክርስትና ላነሣላቸው ሰው ግን ስልክ አያነሡም። የሞተና የተሰደደ ዘመድ ያለውን ሰው ቁስሉን ይርሳ ማለቴ አይደለም። ሐዘኑን ሳይጠይቁ፣ በደሉንም ሳይሰሙ እርቅ የለም። ነገር ግን መስማት ያለበት ሰው መጀመሪያ መደወል አለበት።

«ይህ ማኅበራዊ ሥራ እንጂ መንፈሳዊ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የነፍስ ነች» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሰጡት የአገራችን ክርስቲያኖች ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ አንዱን ብቻ ማገልገል ስሕተት መሆኑን ለምዕራባውያኑ አስረድታለች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይህንኑ ኖረውበት በጁላይ 1979 በደርግ ተገደሉ። በዚያው ዓመት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። አንዱ ከወንጌላውያኑ፣ አንዱ ከተዋሕዶው ናቸው፤ ገዳዩ ግን አልለያቸውም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ወይም አረጋዊ ሲያስታምም ያደረ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ልክ ነው። ለዚህ ነው ሸክሙን ለእያንዳንዱ ሰው ጀግንነት መተው የማይገባው። አባቶቻችን ተራ የሚባል ነገር ያወጡት ማንም ብቻውን እንዳይሸከም ነው። እኛም በሰፈር የምንቀራረብ ስድስት ወይም ሰባት ቤተሰቦች ሆነን ማኅበር መጀመር እንችላለን። ባለ ተራው በዚያ ወር ሦስት ነገር ይያዝ፦ ከጾም የተረፈውን ገንዘብ ሰብስቦ ለየኔ ቢጤው ያድርስ፤ በሥራው የተጨነቀ ማኅበርተኛ ካለ ደውሎ ይስማው፤ የተኳረፉ ካሉ ሽማግሌ ይላክ። ለዚህ አዳራሽ መከራየት፣ ቦርድ መምረጥም አያስፈልግም።

ልጆቻችን አማርኛውን ሊረሱት ይችላሉ፤ ግእዙንማ ብዙዎቻችንም አናውቀውም። ወላጆቻቸው ማክሰኞ ማታ ለማን እንደ ደወሉ፣ ዓርብ የተረፈውን ገንዘብ የት እንዳደረሱ ግን ቤት ውስጥ ሆነው ያያሉ። ሃይማኖታችንን የሚረከቡት በዚያ በሚያዩት መጠን ነው።

ቸር ይግጠመን።