ለጋዜጠኛው ማን ይክፈል?

በ1990ዎቹ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ ነበር። አንባቢው ለአከራዩ ሳንቲም ይሰጥና አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ፣ ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው እስከ ርዕሰ አንቀጹ ጨርሶ ይመልሳል። ያው ቅጂ እስኪመሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንባቢው ከፍሏል፣ አከራዩም ሠርቶበታል። ለአሳታሚው የሚደርሰው ግን የአንድ ጋዜጣ ዋጋ ነው፤ ከዚያውም ላይ የአዟሪው ድርሻ ይቀነሳል።

ዛሬ ጋዜጣው ወደ ስልክ ገብቷል። ጥያቄው ግን አልተፈታም፦ ከመንግሥትም ከባለሀብትም ያልተጠጋ ሚዲያ በምን ገንዘብ ይኑር?

የፕሬስ ነጻነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። የገቢያቸው ምንጭ ሽያጭና ማስታወቂያ ነበር፤ ሁለቱም ግን በመንግሥት ደጅ ያልፋሉ። ጋዜጣ የሚታተመው በአብዛኛው በመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚያ የኅትመት ዋጋ ሲጨምር የሁሉም ሒሳብ ይናጋል። ማስታወቂያና ጨረታ የሚያወጡትም መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ናቸው፤ መንግሥትን የሚተች ጋዜጣ ላይ ለመታየት ደግሞ ብዙዎቹ አይደፍሩም። አንባቢ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አልሆነም። በሰፊው ይነበብ የነበረው አዲስ ነገር በኅዳር 2002 ዓ.ም. ሲዘጋ አዘጋጆቹ ተሰደዱ። አዲስ ስታንዳርድ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ባመጣው ገደብ የኅትመት መጽሔቱን አቁሞ በድረ ገጽ ብቻ ቀጠለ።

ድረ ገጽ የማተሚያ ቤቱን ወጪ ያስቀራል። የጋዜጠኛው ደመወዝ፣ የመስክ ጉዞው፣ ክስ ሲመጣ የጠበቃው ክፍያ ግን እንዳለ ነው። ከወረቀቱ ጋር ደግሞ የገዢው ብርም ቀርቷል።

የኢትዮጵያ አንባቢና ተመልካች ለሚዲያ ገንዘብ አያወጣም የሚለውን ሐሜት ኢሳት አፍርሶታል። በ2002 ዓ.ም. ከውጭ አገር ስርጭቱን የጀመረው ይህ ጣቢያ በዋናነት የቆመው በዳያስፖራው መዋጮ ነው። ስርጭቱ በታፈነ ቁጥር ሌላ ሳተላይት መፈለግ ነበረበት። ለዚህ የሚሆነው ዶላርና ዩሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በተዘጋጁ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽቶች፣ በመግቢያ ትኬትና በጨረታ ይሰበሰብ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ደጋፊው በፖለቲካ ተከፋፈለ፤ ከጣቢያው የወጡ ጋዜጠኞችም ኢትዮ 360ን መሠረቱ። ለትግል የተዋጣ ገንዘብ ትግሉ መልኩን ሲቀይር አብሮ መበተኑ አልቀረም።

በሌላው ዓለም የተሞከረው መንገድ ከዚህ ይለያል። በፈረንሳይ የቀድሞው የለ ሞንድ ዋና አዘጋጅ ኤድዊ ፕሌኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ሜዲያፓርን ሲከፍቱ፣ ማስታወቂያ ሳይኖር በአንባቢ ክፍያ ብቻ የሚኖር ድረ ገጽ ይዘልቃል ያለ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የበጀት ሚኒስትሩ ዤሮም ካዩዛክ በስዊዘርላንድ የደበቁትን የባንክ ሒሳብ አጋለጠ። ሚኒስትሩ ካዱ፤ በወራት ውስጥ ግን ከሥልጣን ለቀቁ። ዛሬ የሜዲያፓር ተመዝጋቢዎች ከ200 ሺህ በላይ ናቸው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ደግሞ በሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ ከጽሑፉ ግርጌ «የቻላችሁ አግዙን» የሚል መልእክት ማስቀመጥን መረጠ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ከፈሉ። የደቡብ አፍሪካው ዴይሊ ማቨሪክ ተመሳሳይ የአባልነት ሥርዓት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጋዜጠኝነት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለማሳየትም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2024 ድረ ገጹን ለአንድ ቀን ዘግቶ ውሏል።

የወደቀም አለ። ዘ ኮረስፖንደንት የተባለው የእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ሥራ ሳይጀምር ከ45 ሺህ በላይ ደጋፊዎች 2.6 ሚሊዮን ዶላር አዋጡለት። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ የአባላቱ ክፍያ ወጪውን መሸፈን አቅቶት ተዘጋ። የመጀመሪያውን ገንዘብ ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነበር።

አስቸጋሪው ክፍያውን ማዝለቅ ነው። የእድር አባል ሰው ሞተም አልሞተም በየወሩ ይከፍላል። ለሚዲያ የሚዋጣው ግን ጋዜጠኛ ሲታሰር ወይም ካሜራ ሲወረስ ይጎርፋል፣ ወሬው ሲበርድ ይነጥፋል። በዚህ ገንዘብ ደግሞ ስድስት ወር የሚፈጅ ምርመራ ማቀድ አይቻልም።

ክፍተቱን ሲሞላ የኖረው የውጭ እርዳታ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች እንዳለው ለነጻ ሚዲያ የተመደበ ከ268 ሚሊዮን ዶላር በላይ አብሮ ቆመ። በርካታ የዓለም ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ወደ አንባቢዎቻቸው ዞሩ።

የኢትዮጵያ አንባቢ እሺ ቢልስ በምን በኩል ይክፈል? እንደ ጎፈንድሚ ያሉ የመዋጮ መድረኮች ገንዘቡን ወደ ኢትዮጵያ የባንክ ሒሳብ ስለማይልኩ ውጭ ያለ ወዳጅ በስሙ መክፈት አለበት። ያኔ የሕዝብ መዋጮ በግለሰብ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል። አገር ቤት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ፤ 50 ብርም መላክ አያስቸግርም። ነገር ግን ቴሌብር የኢትዮ ቴሌኮም፣ ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ነው። መንግሥትን ለሚተች ድረ ገጽ በራስ ስምና ስልክ ቁጥር መላክ የሚያሰጋው ሰው ይኖራል። የምንዛሪውም ነገር አለ፦ አንባቢው በብር ይከፍላል፣ የሰርቨር ኪራይ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

ሜዲያፓር ሒሳቡን በየዓመቱ ለሕዝብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019ም ባለቤትነቱን ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በማዛወሩ ማንም ሊገዛው አይችልም። በአማርኛ የሚቀርበው የድጋፍ ጥሪ ብዙውን ጊዜ ስለ ነጻነትና ስለ መስዋዕትነት ያወራል። የወር ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ጋዜጠኞች ደመወዝ እንደሚያገኙ፣ ትልቁ ለጋሽ ማን እንደሆነና ያ ለጋሽ ቅር ቢለው ምን እንደሚደረግ የሚዘረዝረው ግን ጥቂቱ ነው። 50 ብሩን በየወሩ እንዲልክ የሚጠየቀው አንባቢ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ዝርዝር ነው።