ታንዛኩ፦ ሃይኩ የሚሰቀልባት ወረቀት

ሃይኩ የጃፓኖች አጭር ግጥም ነው፤ በ5፣ በ7 እና በ5 የተከፈለ 17 ድምፅ አለው፣ በልማድ ወቅት የሚጠቁም ቃልም አይለየውም። ታንካ የሚባለው ታላቁ 31 ድምፅ ይዟል። ስለ ግጥሙ ይህ ይበቃል። ብዙም ያልተወራላት ግጥሙ የሚጻፍባትና የሚሰቀልባት ወረቀት፣ ታንዛኩ ናት። ስፋቷ 6፣ ቁመቷ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሃይኩ በሦስት መስመር ይጻፋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ከጃፓን ውጭ ነው። በታንዛኩ ላይ ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ይወርዳል። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ የሚለየው ጆሮ ነው። ዓይን ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፦ ከጥላሸትና ከሙጫ የተሠራው ቀለም (ጥላሸቱን የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ያውቁታል) ብሩሹ ላይ እያለቀ ሲሄድ ፊደሉ እየሳሳ ይወርዳል፤ ብሩሹ እንደገና ሲነከር ይደምቃል። የትኛው ቃል ላይ እንደሚነከር አስቀድሞ መወሰን ከጸሐፊው ይጠበቃል። ግጥሙን ሦስት ቦታ ቆራርጦ መሃል ላይ የሚደረድር ሰው ይህን ሁሉ ያጣል።

ታንካ በሁለት መስመር ሲጻፍ ሥርዓቱ ይጠብቃል። ወረቀቷ ለሦስት ትከፈልና የላይኛው ሲሶ ባዶ ይቀራል፤ በጥንት የግጥም ስብሰባዎች የተሰጠው ርእስ የሚሰፍረው እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ግማሹ ከመክፈያው በላይ፣ ግማሹ በታች ያርፋል። ስም ከግርጌ ይገባል። ያንን ባዶ ቦታ አበባ የሚሥሉበትን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉት።

በጣም የምወደው አሰቃቀሉን ነው። ለታንዛኩ ተብሎ የሚሠራ የሚጠቀለል ማንጠልጠያ አለ፤ ወረቀቷ ሳትለጠፍ ትያዝበታለች፣ ወቅቱ ሲያልፍ ወጥታ ሌላዋ ትገባለች። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የበረዶ ግጥም በመስታወት ታሽጎ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲውል አየሁ። ወቅቱን የሚናገር ቃል ያለበትን ግጥም እንዲህ ማሰር ግዴለሽነት ነው። መለዋወጫ ካላችሁ ለዋውጡ፤ የወረደችውንም ከፀሐይ አርቃችሁ በጠፍጣፋ ሣጥን አስቀምጡ፣ ባለቀለሙ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል።