የደም ሥር መክፈቻ መሣሪያና የአክሲዮን ገዢ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፥ አክሲዮንን መርምሮ መግዛት ለነቀምትና ለወለጋ ከተሞች ነጋዴም የሚያስፈልግ ዕውቀት ሆኗል።

ቡና ነጋዴ ዘንድሮ የሸጠውን ዓይነት ቡና ለከርሞም ይሸጣል። የሕክምና መሣሪያ ግን የተሻለ ሲሠራ አሮጌው ገበያ ያጣል። ስቴንት የሚባለው፥ የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፥ ለዚህ ምሳሌ ነው። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ሥራ የሆነው፥ መድኃኒት የተቀባው «ሳይፈር» እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሲፈቀድ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበረ፤ ነገር ግን ተወዳዳሪዎች ስለ በረቱበት በ2011 ኩባንያው መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ።

ስለዚህ አክሲዮን ገዢ የዕቃውን ድንቅነት ብቻ አይመልከት፤ የተወዳዳሪዎቹን ኃይልና የኩባንያውን ሒሳብ አስቀድሞ ይመርምር። አስመጪውም ቢሆን ብዙ ከማከማቸቱ በፊት ይህንኑ ያስብ።