ቁጭ ብለው የሚፋለሙበት ጨዋታ… ያውም በረዶ ላይ!

«ውይ ምስኪን! አንተ እንኳ አረፍ ብለህ እይ።»

ይቺን አባባል ሰምቶ የማያውቅ አካል ጉዳተኛ ወጣት ካለ እስቲ ይንገረን። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጠለዝ ጃኬት ጠባቂው እሱ ነው። ሰርግ ቤት እስክስታው ሲደራ የሰው ቦርሳ ይዛ የምትቀመጠው እሷ ናት። ክፋት ኖሮብን አይደለም፣ አዝነን ነው። ግን ለመሆኑ ማዘን ሰውን ከጨዋታ ማስወጣት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በረዶ አገር ያሉ ሰዎች አንድ ግሩም መልስ አግኝተዋል። ስሙ «ስሌድ ሆኪ» ይባላል።

ነገሩ እንዴት ነው?

አይስ ሆኪን በቴሌቪዥን ያላያችሁ የገናን ጨዋታ አስቡ። ሁለት ቡድን፣ ቆልማማ ዱላ፣ ሩር። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ሩሯ ደግሞ «ፓክ» የምትባል ድቡልቡል ሳትሆን ጠፍጣፋ ጎማ መሆኗ ነው። የአይስ ሆኪ ተጫዋች ጫማው ሥር ባለ ስለት ይንሸራተታል። በስሌድ ሆኪ ግን ስለቱ ከጫማው ተነስቶ መቀመጫው ሥር ይገባል።

ተጫዋቹ ለመሬት በጣም የቀረበች የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ቁጭ ይልና ወገቡና እግሩ በቀበቶ ይታሰራል። በሁለት እጁ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ይይዛል። የዱላው አንዱ ጫፍ የብረት ጥርስ አለው፤ በዚያ በረዶውን እየቧጠጠ ራሱን ወደፊት ያስፈነጥራል። ሌላው ጫፍ ቆልማማ ነው፤ በዚያ ፓኳን ይለጋል። ያው አንዱ ዱላ እግርም ነው፣ መምቻም ነው! ሁለቱ ስለቶች መሐል ክፍተት ስላለ ብልጥ ተጫዋች ፓኳን በራሱ መቀመጫ ሥር አሳልፎ ባላጋራውን ጉድ ይሠራዋል።

ታዲያ ለስላሳ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በትከሻ መገፋፋት የተፈቀደ ነው። የስሌዱን አፍንጫ ቀጥ አድርጎ የሰው ጎን ላይ መሰንቀር ግን ያስቀጣል። ለዚህም ነው ፊትን በፍርግርግ የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንትና የትከሻ መከላከያ ሳያደርጉ መግባት የማይቻለው።

ማን ፈጠረው?

«ያዘነላቸው ባለጸጋ» ካላችሁ ተሳስታችኋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ ባለ የተሃድሶ ማዕከል የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሆኪ ይወዳሉ፣ እግራቸው ግን እምቢ አለ። ስለዚህ የብረት ፍሬም ሠርተው ሥሩ የሆኪ ጫማ ስለት ገጠሙለት፤ ለዱላቸውም የብስክሌት መሪ እጀታ አበጁለት። በቃ፣ ጨዋታው ተጀመረ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1994 ኖርዌይ፣ ሊልሃመር በተደረገው ፓራሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ፤ ወርቁንም ጀማሪዋ ስዊድን ወሰደች። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ደግሞ ከስድስቱ ቡድኖች መጨረሻ ይወጣል የተባለው የአሜሪካ ቡድን ኖርዌይን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ ወርቅ አነሳ። ከ2010 ጀምሮ ሴቶችም ከወንዶች ጋር በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ተፈቀደ። ከ2016 ወዲህ የዓለም አቀፉ ውድድር መጠሪያ «ፓራ አይስ ሆኪ» ነው። በ2018 እና በ2022 የአሜሪካ ቡድን አምበል ሆኖ ወርቅ ያጠለቀው ተጫዋች ሁለት እግሮቹ የተቆረጡት ገና የ10 ወር ሕፃን ሳለ ነው!

የሰፈሩ ጨዋታ ይበልጣል

እኛን የማረከን ግን ሜዳሊያው አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች ያሉት የሰፈር ክለቦች ናቸው። እዚያ እግሩ የተቆረጠ የቀድሞ ወታደር አለ፣ አከርካሪው የተጎዳ ጎልማሳ አለ፣ ሲወለድ ጀምሮ እግሩ የማይታዘዘው ልጅ አለ። ዱላ የመያዝ አቅም የሌለው ልጅ እንኳ አይቀርም፤ ስሌዱ ከኋላ እጀታ ይደረግለትና አንድ ሰው እየገፋ ያጫውተዋል።

በብዙዎቹ ክለቦች ደግሞ ጤነኛው ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ እሱም ስሌድ ላይ ቁጭ ብሎ መጫወት ይችላል። አስቡት እስቲ! ሁልጊዜ «ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ» የሚለው ታላቅ ወንድም መቀመጫው ላይ ታስሮ በየደቂቃው በጎኑ ሲገለበጥ፤ ዊልቸር ሲገፋ ክንዱ የፈረጠመው ታናሽ ደግሞ እየሳቀ ሲያልፈው። የገና ሜዳ ጌታና ሎሌን እኩል እንደሚያደርገው ሁሉ የስሌዱም ወንበር ሁሉንም በአንድ ቁመት ያስቀምጣል።

ችግር የለውም ማለት ግን አይደለም። የበረዶ ሜዳ ኪራይ ውድ ነው፣ ስሌዱም ርካሽ አይደለም። ብዙ ክለቦች ለጀማሪ ስሌድ የሚያውሱት ለዚህ ነው። የጀማሪ ስለት ሰፋ ተደርጎ ይገጠማል፤ እየለመደ ሲሄድ ይጠብለታል። የመጀመሪያው ሳምንት የክንድ ሕመም ግን ማንንም አይምርም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አሜሪካ ወይም ካናዳ ዘመድ ያላችሁ። ቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ ስትደውሉ «ተሻለው ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ምን ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ብርድ ይመታዋል፣ ሰው ምን ይላል» እየተባለ መስኮት ሥር የሚያድግ ልጅ የሚጎዳው ከበረዶው ይልቅ በመስኮቱ ነው። አቅራቢያቸው ያለ የበረዶ ሜዳ ሄደው «ስሌድ ሆኪ አለ ወይ?» ይበሉ።

ሁለተኛ፣ እዚሁ ያለን ወጣቶች። በረዶ የለንም፣ ታዲያ ምን ይሁን? የዊልቸር ባስኬት ቦል አገራችን ውስጥ ይጫወታሉ፤ ሄዳችሁ ተመልከቱ፣ አጨብጭቡ። ከቻላችሁም ዊልቸር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ጨዋታ ሞክሩ። ማን ማንን እንደሚያስተምር ያኔ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ከምንም በፊት ጠይቁ። «ትችላለህ ወይ?» ሳይሆን «እንዴት ብናደርገው ይመችሃል?» በሉ። የስቶክሆልሞቹ ሰዎች እግራቸው እስኪድን አልጠበቁም፤ የለወጡት ወንበሩን ነው። እኛም የምናውቀው አንድ ጎረቤት፣ አንዲት የክፍል ጓደኛ አይጠፋም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ሲመረጥ፣ ሜዳውም ሆነ ሕጉ እሱን ወይም እሷን ታሳቢ አድርጎ ይመረጥ። ካርታም ይሁን፣ ጠረጴዛ ኳስም ይሁን፣ ዋናው ነገር ስማቸው ከተጫዋቾቹ መሐል መጠራቱ ነው።