በሚያድጉ ጫጩቶች ላይ የሚታይ የእግር አጥንት ጉድለት

የጫጩት እግር አጥንት የሚረዝመው በጫፉ ያለው ልም አጥንት ካልሲየምና ፎስፎረስ እየተቀበለ ሲጠነክር ነው። ይህ ሲጓደል ጫጩቱ ያነክሳል፤ መኖና ውሃ ዘንድ መድረስ ስለሚሳነው ይከሳል፣ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ይገዛል። መድኃኒት ግን በመኖው ውስጥ የጎደለውን አይተካም። ስለዚህ አስቀድሞ እግሩን በእጅ መመርመር ያስፈልጋል።

ሀ) አጥንቱና ምንቃሩ ሲጫኑት የሚለመጥ ከሆነ፣ የካልሲየም፣ የፎስፎረስ ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። በጊዜው ከተደረሰበት መኖውን በማስተካከል ይሻሻላል።

ለ) አጥንቱ ጠንካራ ሆኖ ቋንጃው ያበጠና ጅማቱ ወደ ጎን የተንሸራተተ ከሆነ፣ በአብዛኛው የማንጋኒዝ ወይም የኮሊን እጥረት ነው። የተንሸራተተ ጅማት በመኖ አይመለስም፤ መኖው የሚስተካከለው የቀሩትን ለማዳን ነው።

ሐ) ፈጥነው በሚያድጉ የሥጋ ዶሮዎች የሞተው ዶሮ ቅልጥም ከላይ ወደ ታች ሲሰነጠቅ፣ በላይኛው ጫፍ ያልጠነከረ ነጭ ልም አጥንት ተጠራቅሞ ይገኛል። ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ጋር ሳይመጣጠን ሲበዛ ጉዳቱ ይብሳል።

መከላከያ፦ የጫጩት መኖ 1 በመቶ ያህል ካልሲየምና 0.45 በመቶ ያህል ጫጩቱ ሊጠቀምበት የሚችል ፎስፎረስ ይኑረው። በፉርሽካ ውስጥ ካለው ፎስፎረስ አብዛኛውን ጫጩት ሊጠቀምበት ስለማይችል ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም። 3.5 በመቶና ከዚያ በላይ ካልሲየም ያለበት የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ኩላሊት ስለሚጎዳ ለጫጩት አይሰጥ። ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚያድጉ ጫጩቶች ቫይታሚን ዲ በመኖአቸው ይጨመርላቸው፤ ይህ ካልተገኘ በየቀኑ ፀሐይ ይሙቁ። በመስታወት የሚገባ ብርሃን ግን ለዚህ አይጠቅምም።