ስለ ክስ ድርድርና ስለ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣን

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ባላገሩ እንዲህ ሲል የሁለቱን ዋጋ ማመዛዘን ተስኖት አይደለም። በቅሎይቱ ብትወሰድበትም ተሟግቶ፣ ምስክር አሰምቶ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ተረትቷልና ነገሩ ይቆረጥለታል። ጭብጦዋ ግን ሙግት ሳይሰማባት ስለ ተወሰደች ታንገበግበዋለች። በዛሬው ዓለም እጅግ ብዙ ሰዎች ጭብጦአቸውን ሳይሆን የዕድሜአቸውን ዓመታት ያለ ሙግት ይሰጣሉ፤ ያውም በገዛ እጃቸው ፈርመው። ይህ እንዴት እንደሚሆንና ልዩ ልዩ አገሮች እንዴት አድርገው ልክ እንደሚያበጁለት በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው የዐቃቤ ሕግ ፈቃደ ሥልጣን ነው፤ ይኸውም የፖሊስ ምርመራ መዝገብ በቀረበለት ጊዜ ክስ ልመሥርት ወይስ ልተው፣ ብመሠርትስ በየትኛው አንቀጽ ይሁን ብሎ የመወሰን ሥልጣን ነው። ሁለተኛው የክስ ድርድር ነው፤ ይኸውም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሙግቱን ሲያስቀር፣ ዐቃቤ ሕጉ በፈንታው ክሱን የሚያቀልበት ወይም ቅጣት እንዲቀነስለት የሚጠይቅበት ስምምነት ነው። ሁለተኛው የሚወለደው ከመጀመሪያው ነው። ክስ ለማክበድና ለማቅለል ሥልጣን የሌለው ሰው የሚደራደርበት ነገር የለውምና።

ድርድር ከሁሉ ይልቅ የሠለጠነው በአሜሪካ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ላይ እንዳመለከተው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛ ከሚባሉት ከ100ው 97ቱ፣ በየስቴቱ ደግሞ ከ100ው 94ቱ፣ ራሳቸው ጥፋተኛ ነን ያሉ ናቸው። እንግዲህ በሲኒማ የምናየው ጁሪና የጠበቆች ትንቅንቅ የጥቂቶች ዕጣ ብቻ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተከሳሽ ሁሉ ይሟገት ቢባል ዳኛውም ችሎቱም አይበቃም፤ ዐቃቤ ሕጉ እረታ ይሆናል ብሎ ይሰጋል፤ ተከሳሹም የከፋ ቅጣት ይፈራል። ስለዚህ ሦስቱም ወገኖች ከድርድሩ የሚያገኙት ጥቅም አለ።

ነገር ግን ጥቅሙ በምን ዋጋ ይገኛል? በኬንታኪ ስቴት አንድ ሰው 88 ዶላር ከ30 ሳንቲም የተጻፈበት የሐሰት ቼክ አቅርበሃል ተብሎ ተከሰሰ። የወንጀሉ ቅጣት ከ2 እስከ 10 ዓመት ነበረ። ዐቃቤ ሕጉም «ጥፋተኛ ነኝ ብትል 5 ዓመት እንዲፈረድብህ እጠይቃለሁ፤ እምቢ ብትል ግን ቀድሞ ሁለት ጊዜ ስለ ተፈረደብህ በልማደኛ ወንጀለኞች ሕግ እከስሃለሁ» የሚል ምርጫ አቀረበለት። በዚያ ሕግ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ነበረ። ሰውየው እሟገታለሁ አለ፤ ተረታና ዕድሜ ልኩን ተፈረደበት። ነገሩ በይግባኝ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 እ.ኤ.አ. አምስት ዳኞች በአራት ላይ በልጠው «ተከሳሹ የቀረበለትን የመቀበልም ያለመቀበልም ነጻነት እስካለው ድረስ ሕገ መንግሥቱ አልተጣሰም» ሲሉ አጸደቁት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ5 ዓመትና በዕድሜ ልክ መካከል የመረጠው ዳኛው አይደለም። ከባዱ ክስ ከቀረበና ከተረጋገጠ በኋላ ሕጉ ሌላ ቅጣት ስለማይፈቅድ ዳኛው እጁ ታስሮ ነበር። መራጩ ከሁለቱ ተሟጋቾች አንዱ፣ ማለት ከሳሹ ነበር። ከዚህም የሚብስ አለ። እንዲህ ያለው ምርጫ የሚያስፈራው ጥፋተኛውን ብቻ አይደለም፤ ንጹሑም ሰው ምስክሮች ቢሳሳቱብኝስ ብሎ በፍርሃት ሊፈርም ይችላል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1970 እ.ኤ.አ. ባየው የሰሜን ካሮላይና ጉዳይ፣ ተከሳሹ «ሰው አልገደልሁም፤ የሞት ፍርድ ስለ ፈራሁ ብቻ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ» እያለ የሰጠውን ቃል፣ በበኩሉ ጠንካራ ማስረጃ ስለ ቀረበበት፣ የሚጸና ነው ብሎ ተቀብሎታል። የተፈረደበትም 30 ዓመት ነበረ።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። እንግሊዞችም ለዐቃቤ ሕጋቸው ፈቃደ ሥልጣን ይሰጣሉ። ሰር ሃርትሊ ሾውክሮስ በ1951 እ.ኤ.አ. በፓርላማ እንዳስረዱት፣ የተጠረጠረ ወንጀል ሁሉ የግድ ይከሰስ የሚል ደንብ በአገራቸው ኖሮ አያውቅም። ሆኖም ለማመን የሚሰጠው ዋጋ ተለክቶ ታውቋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያመነ ሰው ከቅጣቱ እስከ ሢሶ ይቀነስለታል፤ ሙግቱ በሚጀመርበት ቀን ያመነ ግን የሚያገኘው ዐሥረኛውን እጅ ነው።

ጣሊያኖች የተነሡት ከተቃራኒው ወገን ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የጸናው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 112 ዐቃቤ ሕግ የመክሰስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ መዝገብ ስለ በዛ በ1989 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የሥነ ሥርዓት ሕግ ድርድርን አስገባ። ቅናሹ ግን ከሢሶ አያልፍም፤ ዐቃቤ ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ እንደ ሆነም ዳኛው ከሙግቱ በኋላ ቅናሹን ለተከሳሹ ሊሰጠው ይችላል።

ጀርመኖችም ከሳሽን በመክሰስ ግዴታ የሚያስሩ ሲሆኑ፣ ዳኞችና ጠበቆች ለብዙ ዘመን ያለ ሕግ ሲስማሙ ከቆዩ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሕግ አጠሩት። ዳኛው የቅጣቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ ሊገልጽ ይችላል፤ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን አይሸጥም፤ ተከሳሹ ቢያምንም ዳኛው እውነቱን የመመርመር ግዴታው አይቀርለትም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጽድቆ ሳለ፣ በየችሎቱ የሚሠራው ግን ከሕጉ በብዙ እንደሚርቅ በግልጽ ተናግሯል። ደንብ መጻፍና ደንብ መፈጸም ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ዐቃቤ ሕግ ክስ የማያቀርብባቸውን ምክንያቶች በአንቀጽ 42 ቆጥሮ አስቀምጧል። ማስረጃ ሲያንስ፣ የክሱ ዘመን በይርጋ ሲያልፍና ሚኒስትሩ ስለ ሕዝብ ጥቅም በጽሑፍ ሲያዝዝ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። አልከስም ያለ ዐቃቤ ሕግም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጥ አለበት። በአንቀጽ 134 ደግሞ ተከሳሹ ሙሉ በሙሉ ያመነ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ቢችልም፣ ማስረጃ ይቅረብ ብሎ ለማዘዝም ሥልጣን አለው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የጥፋተኝነት ድርድርን መንገድ ስለ ከፈተ ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ድርድር ጨርሶ ይቅር ማለት የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ መዝገብ ባይደራደሩበትም በሣጥን ውስጥ ያረጃል፤ እስረኛውም አብሮት ያረጃል። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሟገታለሁ ያለ ሰው የሚከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ስንት ነው? በ6 ዓመትና በ9 ዓመት መካከል የሚመርጥ ንጹሕ ሰው ልቡ ቢፈራም መሟገት ይችላል። በ5 ዓመትና በዕድሜ ልክ መካከል የሚመርጠው ግን መብቱ በወረቀት ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ልዩነቱን ሕግ ይወስነው፤ ተከሳሹ ሲፈርም ጠበቃ አብሮት ይቁም፤ ዳኛውም የእምነት ቃሉን ከማስረጃው ጋራ ሳያስተያይ አይቀበል። ከእኛ መካከል ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ዳኛ የሚሆኑ አሉና፣ ፊርማው በቀረበላቸው ቀን ጭብጦዋን ያስታውሱ።